ውኃን ማን ያነባል

ሰሎሜ የመድኃኒት መጋዘኑን ቁልፍ ገና ከቦርሳዋ ስታወጣ የሆስፒታሉ ዘበኛ እየተጣደፈ መጣ።

«ዶክተር እዮኤል ይፈልጉሻል። ወንዶች ዋርድ ሰው ሞቷል።»

«ሆስፒታል ውስጥ ሰው በሞተ ቁጥር መጋዘን መጠራት ተጀመረ እንዴ?»

«ፖሊስም መጥቷል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ቁልፉን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከአሰላ በላይ የጭላሎ ተራራ ደመናውን እስከ አንገቱ ተከናንቦ ተኝቷል፤ ሰሎሜም ብትችል እንደዚያው ባደረገች። ከእንቅልፏ ደክማ የምትነሣ ሰው ከሆነች ሰንብታለች።

ሰሎሜ ክሊኒካል ፋርማሲስት ናት። አማቷ እስከ ዛሬ መድኃኒት የምትሸጥ ይመስላቸዋል፤ እሷም ማስረዳቱን ትታዋለች። ሐኪሙ ያዘዘው ከበሽተኛው ጋር ይስማማል ወይ፣ መጠኑ ልክ ነው ወይ፣ ነርሷ ያነሣችው የታዘዘው ራሱ ነው ወይ እያለች ከአልጋ አልጋ ስትዞር የምትውል ሰው ናት፤ ወይም ነበረች። የዚህ ሥራ ክፋቱ በደንብ ሲሠራ አለመታየቱ ነው። ያልሞተ ሰው መጥቶ «ስላልሞትኩ አመሰግናለሁ» አይልም። ስለዚህ ሆስፒታሉ ሰው ሲያጥረው መጀመሪያ የታሰበችው እሷ ሆነች። ዳይሬክተሩ ዶክተር እዮኤል ከዋርድ አንሥቶ መጋዘን አስገባት፤ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ካርቶን ስታገላብጥ ትውላለች።

ዋርዱ በር ላይ ሁለቱ ሰዎች ይጠብቋታል። ዶክተር እዮኤል እጁን ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከትቶ መሬት መሬት ያያል። አጠገቡ የቆመው ቀጭን ረጅም ሰው ኢንስፔክተር ግዛቸው ነው፤ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቷል፤ ከደጋው ብርድ ጋር ገና እንዳልተስማማ ያስታውቃል።

«የሽማግሌ ልብ ነው፤ ቆመ። ደረታቸውን ብጫን ብጫን አልመለስ አሉ» አለ ዶክተር እዮኤል። «ኢንስፔክተሩ ግን መድኃኒት የሚያውቅ ገለልተኛ ሰው ካልሰማሁ አሉ።»

«ገለልተኛስ አታጣም፤ አንተው ገለል አድርገኸኛል» አለችው።

ግዛቸው ነገሩን አስረዳት። ሟቹ ሐጂ ሙህዲን የሚባሉ የዲክሲስ ገበሬ ናቸው። በሳንባ ምች ገብተው፣ ተሽሏቸው፣ ነገ ሊወጡ ነበር። ጎህ ሲቀድ የጠዋት መርፌያቸውን ተወጉና መርፌው ሳይወጣ ሞቱ። ሊያስታምማቸው የመጣው ልጃቸው ሰኢድ «ነርሷ አባቴን ገደለችብኝ» ብሎ ከሷል።

«ሰኢድ ራሱም ንጹሕ አይመስለኝም» አለ ግዛቸው። «ትናንት ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ‹ብትሞትም እዚሁ ነው የምትሞተው› ሲላቸው ዋርዱ በሙሉ ሰምቷል። ዘመዶቻቸው ደግሞ አንድ አይሱዙ ሞልተው በር ላይ ናቸው፤ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ሊቀብሩ ነው ሐሳባቸው። ወይዘሮ ሰሎሜ፣ እስከዚያ ድረስ ካልነገሩኝ አስከሬኑን ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ እሰዳለሁ፤ ልጅቷን ደግሞ ወደ ጣቢያ።»

«አስከሬኑ አዲስ አበባ ሄዶ መቼ ሊመለስ?»

«እሱን እኔም አላውቅም።»

ሰሎሜ ወደ አልጋው ሄደች። ሐጂ ሙህዲን ነጭ አንሶላ ተሸፍነዋል፤ አንድ ሻካራ እግር ብቻ ከታች ወጥቷል። አንሶላውን ሳብ አድርጋ እግራቸውን ሸፈነችላቸው። አጠገባቸው የመርፌ ሳህኑ እንዳለ ተቀምጧል፤ ስሪንጅ፣ ጥጥ፣ ባዶ የዱቄት መድኃኒት ብልቃጥ፣ አንገቱ የተቀነጠሰ የመስታወት የውኃ ብልቃጥ።

«ሳህኑን የነካው አለ?»

«እኔ ከመጣሁ ወዲህ ማንም አልነካውም» አለ ግዛቸው።

የዱቄቱን ብልቃጥ አነበበች። ሴፍትሪያክሶን ነው፤ የታዘዘውም እሱ ነው። በመርፌ ውኃ ይበጠበጥና በደም ሥር ይሰጣል። የውኃውንም ብልቃጥ አነበበች፤ የመርፌ ውኃ ይላል። ሁሉም ልክ ነው። መልሳ አስቀመጠችው፤ ዓይኗን ግን ከመስታወቱ ቶሎ አላነሣችም።

*

ሴና ነርሶች ልብስ የሚቀይሩበት ክፍል ውስጥ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የሁሩታ ልጅ ናት፤ ሥራ ከጀመረች ብዙም አልቆየች። ማልቀሱን ጨርሳ ዝም ያለችበት ሰዓት ነበር።

«ሴና፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ምኑን ልንገርሽ እትዬ? ገድዬያቸዋለሁ መሰለኝ።»

«መሰለኝን ተዪውና ያደረግሽውን ብቻ።»

«መብራት ጠፍቶ ነበር። ዋርዱ ሙሉ ነው፣ እኔ ብቻዬን ነኝ። እንደ ሁልጊዜው ስልኬን በጥርሴ ይዤ እያበራሁ ነበር። የዱቄቱን ብልቃጥ አነበብኩ፤ ወላሂ አንብቤዋለሁ፤ ስሙንም፣ መጠኑንም።»

«አምንሻለሁ። ውኃውንስ ከየት አመጣሽው?»

«ከራሳቸው ፌስታል። ሆስፒታሉ ውኃ ካጣ ስንት ጊዜው ነው? ሁሉም ከውጭ ገዝቶ ነው የሚያመጣው። ጫፉን ጠምዝዤ ከፈትኩት፣ በጠበጥኩበት፣ ቀስ ብዬ ወጋኋቸው።»

«ውኃውን አነበብሽው?»

ሴና ቀና ብላ አየቻት። ጥያቄው ጨርሶ ያልገባት ትመስላለች።

«ውኃን ማን ያነባል፣ እትዬ?»

እውነትም ማንም አያነበውም። የልጅቷን እጅ ያዝ አድርጋ ለቀቀችውና ወጣች።

ሰኢድ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የአባቱን ጋቢ አጣጥፎ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰፊ ጎልማሳ ነው፤ እጆቹ ግን የት እንደሚያርፉ ጠፍቷቸዋል።

«አዎ፣ ብያለሁ» አላት ገና ሳትጠይቀው። «የአጨዳ ኮምባይነር ወረፋችን ደረሰ ተባለ። ስንዴው ሊረግፍ ነው፣ ልሂድ አለ አባቴ። መድኃኒትህን ሳትጨርስ አትንቀሳቀስም አልኩት። እሱም ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። ከዛ ያንን ክፉ ነገር አፌ አወጣው። ሰው ባባቱ ላይ እንደዚህ ይላል፣ ዶክተር?»

«ዶክተር አይደለሁም። የተናደደ ልጅ ይላል። መርፌው ሲገባ አጠገባቸው ነበርክ?»

«እጁን ይዤለት።»

«ምን አሉ?»

«‹ና ጉቤ! ና ጉቤ!› አለ። አቃጠለኝ ማለት ነው። ክንዱን ነው ያቃጠለው። ከዛ ደረቱን ያዘ፣ ከዛ...» እጁን ዘርግቶ ባዶውን አሳያት።

«ከዚህ በፊት በተወጉ ጊዜስ አቃጠለኝ ብለው ያውቃሉ?»

«ኧረ በፍጹም! እንዲያውም ይቀልድ ነበር። የሴና እጅ አያምም፣ ለልጄ ልዳራት ነው ይል ነበር።» ይህን ሲል እንባው መጣ። ጋቢውን አፉ ላይ አደረገው።

ሰሎሜ አጠገቡ ትንሽ ተቀመጠች።

*

ሲስተር አሰፋሽ የዋርዱ ኃላፊ ናት። ጡረታዋ ደርሷል፤ እግሯ ያብጣል፤ ድምፅዋ ግን አሁንም ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ጸጥ ያሰኛል። የጋውኗ ኪስ ደግሞ አንድ ትንሽ ሱቅ ነው፤ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ጓንት፣ ከረሜላ ሳይቀር ይወጣል። ዶክተሮቹ ሳይቀሩ ይፈሯታል፤ የምትጠላት ነርስ ግን የለችም።

«ስገባ ልጁ ይጮኻል፣ ሴና ደንዝዛ ቆማለች፣ እዮኤል ደረታቸውን ይጫናል» አለች አሰፋሽ። «ግርግሩን አስወጣሁ። ሌላ ምን ላድርግ?»

«የመርፌውን ሳህንስ?»

«የምን ሳህን? የሞተ ሰው አጠገብ ያለ ዕቃ ይነካል እንዴ?»

በዚህ መሐል የተረኛዋ ነርስ አንገቷን በበሩ አስግጋ «ሲስተር፣ ጥግ ላይ ላሉት ውኃ አልገዙም፤ ምን ላድርግ?» አለች። አሰፋሽ ወደ ኪሷ ገብታ አንድ የመስታወት ብልቃጥ አወጣችላት። «ከማዋለጃ ለምኜ ያመጣሁት ነው፤ አደራ እንዳታባክኚው!» ልጅቷ ተቀብላ ሮጠች። እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ ይሉሃል ይሄን ዋርድ፤ በልመና ውኃ ነው የሚሠራው።

አሰፋሽ ነርሷ እስክትርቅ ጠብቃ የሰሎሜን ክንድ ያዘች።

«ሰሎሜ፣ ይህችን ልጅ አድኛት። ያረጀ ሰው ሞተ፤ ቀኑ ደርሶ ነው በይና አስቀብሪያቸው። ከዚህ ዋርድ አንዲት ልጅ እጇን በካቴና ታስራ ስትወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬም ድረስ ሕልሜ ውስጥ ትመጣለች። ሁለተኛ አላይም።»

«እኔም እንድታዪ አልፈልግም፣ እትዬ አሰፋሽ።»

«እና ታዲያ?»

«እና ታዲያ ፌስታላቸውን ልየው።»

ጉልበቷ እየጮኸባት አልጋው ሥር ተንበርክካ ፌስታሉን ጎትታ አወጣችው። ላዩ ላይ ቴምርና ሳሙና አለ። ከሥሩ ያልተከፈቱ የዱቄት ብልቃጦች። ከዚያ በላስቲክ የታሰሩ የመርፌ ውኃዎች፤ ሁሉም ጫፋቸው የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ብልቃጦች ናቸው። አንድ በአንድ ወደ ብርሃኑ እያነሣች አነበበቻቸው። ሁሉም ውኃ ናቸው። ከታች፣ ከፌስታሉ ጥግ ላይ፣ ብርቱካንማ ክዳን ያላቸው ቀጫጭን ስሪንጆች አገኘች።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እነዚህ የኢንሱሊን መርፌዎች ናቸው። ሐጂ ሙህዲን ግን ስኳር የለባቸውም።

ቀና ስትል ከሐጂ ቀጥሎ ያለው አልጋ ባዶ መሆኑን አየች። ፍራሹ ገና አልለበሰም። ከባዶው አልጋ ማዶ፣ በመስኮቱ ሥር፣ ነኢማ የምትባል ወጣት ሴት ለታመመ አባቷ ሻይ ታጠጣለች።

«ነኢማ፣ ይህ አልጋ ላይ ማን ነበር?»

«የኦጎልቾው ባለሱቅ ናቸዋ። ስኳራቸው ጨምሮ ራሳቸውን ስተው መጥተው አልነበር? ትናንት ወጡ። ሚስታቸው ወይዘሮ አሰገደች እንዴት ያለች ደግ መሰለችሽ! ስትወጣ እየዞረች ‹እኛን ምሮናል፣ እናንተንም ይማራችሁ› እያለች ከተረፋት አከፋፈለች። ማንንም ባዶ እጁን አላስቀረችም። ለኛ እንኳ ሶፍቱን፣ ጓንቱን፣ ውኃውን...»

ሰሎሜ ከተቀመጠችበት እንዴት እንደተነሣች አታውቀውም።

«ፌስታልሽን አምጪልኝ። አሁን!»

ከውስጡ ያገኘችውን ለማንም አላሳየችም፤ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ በኋላ ተረኛዋን ነርስ ጠርታ እሷ ሳትናገር በዚያ ዋርድ ማንም ሰው መርፌ እንዳይወጋ አዘዘች፤ ከየአልጋው ሥር ያለውን ፌስታል ሁሉ አስለቅማ አንድ በአንድ በረበረችው። አስታማሚዎቹ አጉረመረሙ። ዱሮም ጠዋት ጠዋት ስትበረብር ያጉረመርሙባት ነበር።

*

ነርሶች ክፍል ውስጥ ሲሰበሰቡ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው። ሴና ጥግ ላይ ቆማለች። ሰኢድ ጋቢውን እንደያዘ ነው። ሲስተር አሰፋሽ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ዶክተር እዮኤል ሰዓቱን ያያል። ግዛቸው በሩን ዘጋው።

ሰሎሜ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ለመቆጣት እንኳ አቅም ያጣች ትመስል ነበር።

«ሐጂ በልብ ድካም አልሞቱም። የገደላቸው መርፌው ነው።»

ሴና ግድግዳውን ይዛ ወደ ታች ተንሸራተተች።

«ቆዪ፣ ጨርሰሽ ስሚኝ። ሐጂ ይህን መድኃኒት ከገቡ ጀምሮ ሲወስዱ ነበር፤ አቃጠለኝ ብለው አያውቁም፤ እንዲያውም ይቀልዱ ነበር። ዛሬ ግን መጀመሪያ ክንዳቸው ተቃጠለ፣ ከዚያ ወዲያው ልባቸው ቆመ። እንዲህ የሚያደርግ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ፖታሲየም። በብዙ ግሉኮስ ተበርዞ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ ሰው ያድናል። እንዳለ ባንዴ ሲገባ ግን ደም ሥርን አቃጥሎ ልብን ያቆማል።»

«እኔ ፖታሲየም አላዘዝኩም» አለ ዶክተር እዮኤል ፈጥኖ።

«አላዘዝክም። መጋዘኑ ውስጥም የለም፤ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ፣ ያስገባኸኝ አንተ ነህ። የሚያስፈልገው ሰው ከውጭ ይገዛል። ማን ገዛው የሚለውን እንመጣበታለን። ሴና፣ የውኃውን ብልቃጥ እንዴት ነበር የከፈትሽው?»

«ጠምዝዤ።»

ሰሎሜ ከሳህኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ያልተከፈተ የመስታወት ብልቃጥ ለኢንስፔክተሩ ሰጠችው። «እስቲ ይህን ጠምዝዘው ይክፈቱልኝ።»

ግዛቸው ሞከረ። ከዚያ አገላብጦ አየው፤ ገባው። «መስታወት ይሰበራል እንጂ አይጠመዘዝም።»

«አይጠመዘዝም። ሐጂ ፌስታል ውስጥ ያለውም ሁሉ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ እርስዎ ሳይመጡ በፊት አንድ ሰው ከሳህኑ ላይ አንድ ብልቃጥ አንሥቶ በምትኩ ሌላ አስቀምጧል። ሰኢድ አባቱን አቅፏል፣ ዶክተሩ ደረታቸውን ይጫናል፣ ሴና ደንዝዛለች። የመስታወት ውኃ ደግሞ መጋዘኑ ለቀዶ ሕክምናና ለማዋለጃ ብቻ ነው የሰጠው።»

ማንም ስም አልጠራም። ሁሉም ግን ወደ አንድ ጋውን ኪስ አዩ።

«ለበሽተኛ ብዬ ለምኜ ባመጣሁት ትከሺኛለሽ?» አለች አሰፋሽ። ድምፅዋ ግን ኮሪደሩን ጸጥ የሚያሰኘው ድምፅ አልነበረም።

«አልከስሽም፣ እትዬ። ቆይ ደግሞ የቀረውን ልናገር፤ ይህኛው ይበልጥ ይከብደኛል።» ሰሎሜ ወደ ሰኢድ ዞረች። «ፌስታላችሁ ውስጥ የስኳር በሽተኛ መርፌ አገኘሁ። ከማን ነው?»

«ከሴትየዋ። ከወይዘሮ አሰገደች።»

«ባሏ ስኳራቸው ጨምሮ ነበር የገቡት። እንደዚያ ያለ ሰው ኢንሱሊን ሲሰጠው ፖታሲየሙ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከግሉኮስ ጋር ይታዘዝለታል። ባሏ ዳኑ። የተረፈውን፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ለጎረቤት መርቃ ሰጠች። ሰው እዚህ ቤት እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እንጀራ እንደሚካፈለው መድኃኒቱንም ይካፈላል። ብልቃጡ ከውኃው ብልቃጥ ጋር መልኩ አንድ ነው፤ የሚለየው ጽሕፈቱ ብቻ ነው።»

ሰኢድ ከጋቢው ቀና አለ።

«እኔ ነኝ የተቀበልኩት» አለ። «አባቴ ‹ጀዛከላህ፣ አላህ ይክፈልሽ በላት› አለኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ራሴ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩት።»

«ሰኢድ...»

«በሁለት እጄ ነው የተቀበልኩት» አለ እንደገና፤ እጆቹን አያቸው።

አሰፋሽ ጠረጴዛውን በእጇ መታች።

«በቃሽ ሰሎሜ! አወቅሽ፣ ጥሩ። ለዚህ ልጅ ይህን ከማሳወቅ እኔ የደበቅሁት አይሻልም ነበር? ብልቃጡን አንሥቼ አነበብኩ፤ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሐጂ እንደሆኑ አይመለሱ። ሕይወቷን ያልጀመረች ልጅ ለምን ትበላሽ? ለምን?»

ሰሎሜ ኪሷ ውስጥ ገብታ አንድ ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ አወጣችና አሰፋሽ ፊት ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ያልተከፈተ ነው። አሰፋሽ መነጽሯን አጥልቃ አነበበችው።

«ይህ ከየት መጣ?»

«ከነኢማ ፌስታል። ለግራ ጎረቤቱ የሰጠ ሰው ለቀኙም ይሰጣል አልኩና ፈለግሁ። የነኢማ አባት ያው መድኃኒት ነው የታዘዘላቸው። መርፌያቸው አሁን ነው፣ እትዬ፤ ስድስት ሰዓት። የጠዋቱን ብልቃጥ ባትደብቂው ኖሮ ዋርዱን በሙሉ ወዲያው እንፈትሸው ነበር። ልጅቷን ያዳንሽ መስሎሽ ሌላ ሽማግሌ ልናጣ፣ ሌላም ልጅ ጣቢያ ልትሄድ ነበር።»

አሰፋሽ ከጡት መያዣዋ ውስጥ በፋሻ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ከሙሉው አጠገብ አስቀመጠችው፤ ጫፉ ተጠምዝዞ የተከፈተ ባዶ የፕላስቲክ ብልቃጥ።

«አንዲት ብቻ መስላኝ ነው» አለች። «በማርያም፣ አንዲት ብቻ መስላኝ ነው።» ከዚያ ያቺ ሁሉ የሚፈራት ሴት ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሴና ከጥግ ተነሥታ ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች።

ዶክተር እዮኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የነርሷ ስህተት መሆኑ...»

«አዎ፣ አላነበበችም» አለች ሰሎሜ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ይህኛው ግን ተለቅሞ አይመለስም። ሴና ይህን ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች፤ እኔም ቀላል ነው አልላትም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ ዶክተር። መጋዘን ሳታስገባኝ ጠዋት ጠዋት ምን እሠራ ነበር?»

ዶክተር እዮኤል አያውቀውም። አለማወቁ ፊቱ ላይ ይነበባል።

«ፌስታል ትፈትሽ ነበር» አለች ሴና ከወለሉ ላይ፣ ቀስ ብላ። «የያንዳንዱን በሽተኛ። ከታዘዘለት ውጪ የሆነውን ሁሉ አውጥታ ትወስድ ነበር። ጉምሩክ መጣች እያልን እንስቅባት ነበር።»

ዶክተር እዮኤል ሰዓቱን ማየት ተወ።

ግዛቸው ሁለቱን ብልቃጦች በጥንቃቄ አነሣ። ግድያ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ የሴናን ጉዳይ የሙያዋ ሰዎች እንደሚያዩት፣ ማስረጃ ስለደበቀችው ግን ሲስተር አሰፋሽ ነገ ጣቢያ መጥታ ቃሏን እንደምትሰጥ ተናገረ። ልጅቷ ዛሬ የትም አትሄድም። አስከሬኑንም መውሰድ ይቻላል።

ሰኢድ ተነሣ። ከመስጊዱ አዛን ይሰማ ነበር። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሰሎሜ ዞረ።

«ሴትየዋ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያው አትንገሯት። በደግ ልብ ነው የሰጠችን። ይህን ነገር ተሸክማ የምታድር ሰው አንድ ይበቃል።»

*

አይሱዙው ወደ ዲክሲስ ከሄደ በኋላ ሰሎሜ መጋዘኑ በር ላይ ካለው ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ አላሰኛትምም። ዶክተር እዮኤል እግሩን እየጎተተ መጣና ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ከነገ ጀምሮ ወደ ዋርድ ትመለሻለሽ» አላት።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችው። ክፋት አልነበረበትም። እሱም ተመልሶ ሄደ።

ስልኳ ጠራ። ቁጥሩን አላወቀችውም።

«ሰሎሜ ነሽ? አሰገደች ነኝ፣ ከኦጎልቾ! አምና ባሌን ስለ ኢንሱሊኑ ያስተማርሽልኝ ጊዜ ቁጥርሽን ሰጥተሽኝ አልነበር? ፍሪጅ ስለሌለን በውኃ ማሰሮ አስቀምጪው እንዳልሽኝ አስቀመጥኩት። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ፣ ወይዘሮ አሰገደች። ፀሐይ ብቻ አይንካው።»

«ተመስገን! በልቶ ተኝቶልኛል። እኔ እንኳ የደወልኩት... እንደው ሐጂ እንዴት ዋሉ? ሲመርቁኝ እንባዬ ነው የመጣው። ነገ ይወጣሉ ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

ሰሎሜ ዓይኗን ጨፈነች። የሰኢድ ቃል ጆሮዋ ውስጥ አለ።

«ሐጂ አርፈዋል።»

ከወዲያ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ።

«እኔን አፈር ይብላኝ! እንዴት ያሉ ሰው! ምናልባት ያቺ የሰጠኋቸው ሳትበቃቸው ቀርታ ይሆን? ምነው ጨምሬላቸው በነበር! እንዲህ መሆኑን ሳላውቅ የቀረውን ይዤው መጣሁ፤ እዚህ አለ። ለጎረቤቴ ልጅ መርፌ አዘውለታል፤ እናቱ ደግሞ አቅም የላትም፤ ለሷ ልሰጣት ነው እንግዲህ፣ ለሐጂ ነፍስ ብዬ...»

ሰሎሜ ከካርቶኑ ላይ ተነሣች።

«አትስጫት! ወይዘሮ አሰገደች፣ ስሚኝ። ለማንም አትስጪ፤ ለጎረቤትም፣ ለዘመድም። ሣጥን ውስጥ ቆልፊበት። ነገ እኔ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ለዚች ብለሽ ኦጎልቾ ድረስ? ኧረ ምን ያደክምሻል!»

«ደክሞኛልስ፤ ግን እመጣለሁ። ማልጄ ነው የምነሣው። እዚያው ደርሼ ደግሞ አንድ የምነግርሽ ነገር አለኝ።» የምትነግራት ምን ያህሉን እንደሆነ ግን ራሷም ገና አላወቀችውም።

«በይ እንግዲያው» አለች አሰገደች፣ እንባዋ መሐል ድምፅዋ በደስታ ሞቅ እያለ። «ዶሮ ሠርቼ እጠብቅሻለሁ። ባዶ እጅሽን አልሰድሽም።»